የሃይላንዱ ቀዳዳ

የምሠራበት ጤና ጣቢያ አንድ ኔቡላይዘር (መድኃኒትን ጉም አድርጎ የሚያስተነፍስ የኤሌክትሪክ ማሽን) ብቻ ነበረው። መብራት ሲጠፋ እሱም ከጠረጴዛው ዕቃ አይሻልም። አስም የተነሣበት ልጅ ደግሞ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ስፔሰር፣ ማለትም የተረጨው መድኃኒት ተጠራቅሞ ልጁ የሚስብበትን ዕቃ፣ መሥራት ጀመርኩ። የጠርሙሱን ታች በምላጭ ቀድጄ የአየር ቧንቧን የሚከፍተውን የሳልቡታሞል መርጫ እሰካለሁ፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይስባል። ቀላል ሥራ መሰለኝ።

አንዳንዱ ልጅ ወዲያው ቀለል ይለዋል፤ የሌላው ደረት ግን ደጋግሜ ብረጭለትም ማፏጨቱን አይተውም። ጥፋቱን በበሽታው ላይ ጣልኩ። አንድ ቀን ግን ከመስኮት በገባ የፀሐይ ጨረር ላይ፣ በቀደድኩት ዙሪያ ነጭ ጉም ሲያመልጥ አየሁ። መድኃኒቱን ለልጁ ሳይሆን ለክፍሉ ስሰጥ ኖሬአለሁ!

ከዚያ በኋላ ነው የኬፕታውን ሐኪሞች በ1999 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በላንሴት መጽሔት ያወጡትን ጥናት ያነበብኩት። አስም የተነሣባቸውን ከ5 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆች በዕጣ መድበው አራት ዕቃ አወዳደሩ። ዙሪያው የታሸገው ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር ጋር ተመጣጠነ፤ ያልታሸገው መካከል ላይ ቀረ፤ የፎም ኩባያው መጨረሻ ሆነ። የእኔ ጠርሙስ የትኛው እንደነበረ ግልጽ ነው።

ምላጩን ተውኩት። አሁን ሽቦ በመርጫው አፍ ልክ አጥፌ በእሳት አግልና ጠርሙሱን እበሳበታለሁ፤ መርጫውን ከሰካሁ በኋላ ዙሪያውን በማጣበቂያ እደፍናለሁ። (የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታው ክፉ ነው፤ ደጅ መሥራት ይሻላል።) አዲሱን ጠርሙስ በሳሙና ውሃ አጥቦ ሳይወለውሉ በአየር ማድረቅም ያስፈልጋል። እኔ በፎጣ እፈትገው ነበር፤ ለካ ፍትጊያው ፕላስቲኩን በኤሌክትሪክ ይሞላውና መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይቀራል።

ከሁሉ የከበደኝ እናቶችን ማሳመን ነበር። «ሲስተር፣ እባክሽ በማሽኑ አድርጊለት» አለችኝ አንዷ፣ ጠርሙሱን በጥርጣሬ እያየች። ድምፅና ጭስ ያለው ነገር ይከበራል። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ፣ ሕይወትን ለአደጋ በማይጥል የአስም ሕመም ስፔሰር ከኔቡላይዘር እንደማያንስ ያሳያል፤ ለእርሷ ግን ይህን መንገር ምን ይጠቅማል? አሳየኋት። መርጫውን ነቅንቆ አንድ ፓፍ፣ አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ መተንፈስ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሁለቱን በአንድ ላይ መርጨት ለልጁ የሚደርሰውን መድኃኒት ይቀንሳል። ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ልጅ ግን ኦክስጅን ተሰጥቶት በፍጥነት ሪፈር ይባላል፤ ጠርሙሱን በከንፈሩ መያዝ የማይችል ሕፃንም ጭንብል ያለው ስፔሰር ያስፈልገዋል።

ያቺው እናት ባለፈው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ጠርሙሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላዋለች። ማጣበቂያው የለቀቀበትን ቦታ በጣቷ እየነካች፣ «ሲስተር፣ እዚህ ጋ ይተነፍሳል» አለችኝ።