አምስት ክፍል ትተን ቀበናን ያልለቀቅንበት ምክንያት

አዲስ አበባ፣ ቀበና የሚገኘውን ቤታችንን ለመሸጥ የወሰንነው በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነው። ቤቱ የአማቴ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ያከራዩዋቸው የነበሩትን ሁለት ቤቶች አስረክበው ለመኖሪያ ያስቀሩት ይህን አንዱን ብቻ ነው፤ እኔም በሙሽርነት የገባሁት፣ ሦስት ልጆቼንም ያሳደግሁት እዚያው ነው። አምስት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ሲሆን ከጀርባው ማድቤትና ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ ከፊቱ ደግሞ አንድ የኮክ ዛፍና የዳማከሴ መደብ ነበረው። ልጆቹ አንድ በአንድ ከወጡ በኋላ ግን ጡረተኛው ባለቤቴና ጡረተኛዋ እኔ ጣሪያው በሦስት ቦታ የሚያፈስስ፣ የሳሎኑ ጣውላ ከሥሩ የበሰበሰ ቤት ጠባቂዎች ሆንን። በዚያ ላይ የባለቤቴ እኅት የውርስ ድርሻዋን ምንም ሳትናገር ስትጠብቅ አራት ዓመት ሆኗት ነበር።

ቤቱ ተሽጦ የእርሷ ድርሻ ከተከፈለ በኋላ በእጃችን የሚቀረው ገንዘብ ከሁለት አንዱን የሚገዛ ነበር። አንደኛው እዚያው አጠገባችን ባልደራስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለሁለት መኝታ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከከተማው ዳር፣ ከአያትም አልፎ የካ አባዶ ውስጥ፣ ሰፊ ሳሎን ያለው ባለሦስት መኝታ የምድር ቤት ነበር። ላይሸሸግ ነገር፣ የእኔ ልብ መጀመሪያ ያደላው ወደ አባዶው ነው። ሜሪላንድ ያለችው ልጄም በስልክ አበረታችኝ፤ «እማዬ፣ ሦስት መኝታ ያለውን ውሰዱ እንጂ! እኛ ስንመጣ ልጆቹን ይዘን ሆቴል ልንገባ ነው?» አለችኝ። ባለቤቴም «ሰው ሲመጣ የት ይቀመጣል?» ከሚለው ጥያቄ ፈቀቅ አላለም።

ለረጅም ጊዜ አስተማሪ የነበረ ሰው ነገሩን ሁሉ ደብተር ላይ ካላሰፈረ አይሆንለትምና አንድ ባለ50 ገጽ ደብተር ገዝቼ ለአንድ ወር ያህል ማታ ማታ ሁለት ነገር መመዝገብ ጀመርሁ፤ በዕለቱ የትኞቹን ክፍሎች እንደተጠቀምንና በእግራችን ወዴት እንደሄድን። በወሩ መጨረሻ ያገኘሁት ውጤት ትንሽ አሳፍሮኛል። የምንኖረው በሳሎኑ፣ በአንድ መኝታ ቤትና በማድቤቱ ነበር፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ክፍል የከፈትሁት ለመጥረግ ብቻ ሲሆን አምስተኛው ውስጥ ከአሮጌ ሻንጣና ከልጆቹ የትምህርት ቤት መጻሕፍት በቀር ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ባለፈው ዓመት እንግዳ ያደረባቸውን ሌሊቶች ከባለቤቴ ጋር እያስታወስን ቆጠርናቸው፤ 19 ሌሊት ብቻ ሆኑ። ከእነርሱም 14ቱ ልጄ ከነቤተሰቧ ለጥምቀት የመጣች ጊዜ ሲሆኑ፣ የቀሩት አምስቱ ለሕክምና ከደብረ ብርሃን የመጣ ዘመዳችን ያደረባቸው ናቸው። በአንጻሩ ግን ከ30ው ቀን በ26ቱ ከግቢ በእግራችን ወጥተናል፤ ባለቤቴ የዓይን ግፊት ስላለበት ለክትትል ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በ12ኛው ቀን ወደ የካ ሚካኤል፣ ከዚያም ለእድር፣ ለጉዝጓዝ ሣር፣ ሌላው ቢቀር ጎረቤት ቡና ለመጠጣት። ስለዚህ ሦስተኛ መኝታ ቤት የምንገዛው ለ19 ሌሊት ነው ማለት ነው፤ ለእርሱም ስንል 26ቱን ቀን ልናጣ ነው።

ይህ ስሌት ግን አንዱን ፍርሃቴን አላስወገደልኝም፤ እርሱም ለቅሶ ነው። በእኛ ዕድሜ ቤት ሲመረጥ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረው እንጂ «ከሁለት አንዳችን የሞትን ቀን ለቀስተኛ የት ይቀመጣል?» የሚለው ሐሳብ በሁሉም ሆድ ውስጥ አለ። መልሱን ያገኘሁት አማቴ በ2009 ዓ.ም. ያረፉ ጊዜ የሆነውን ሳስታውስ ነው። ያን ጊዜ አምስቱም ክፍሎች የእኛ ነበሩ፤ ሆኖም ሳሎኑ የያዘው አረጋውያኑን ብቻ ነው። ሌላው ሕዝብ የተቀመጠው መንገዱ ዳር በተተከለው የእድሩ ድንኳን ውስጥ፣ በእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ሲሆን፣ እንጀራው የተጋገረው በአራት ጎረቤቶች ማድቤት፣ ወጡ የተሠራውም በእድሩ ብረት ድስት ነበር። ከሩቅ የመጡት ዘመዶችም ያደሩት ጎረቤቶቻችን ጋ ነው። ሰፊ የመሰለኝ ቤቴ ሳይሆን ሰፈሩ ኖሯል።

እንግዲያው እድሩን ይዞ መሄድ ይቻል እንደሆነ የእድራችንን ዳኛ ጠየቅኋቸው። «መዋጮውን ማስገባት ትችላላችሁ፣ ከአባልነትም አናወጣችሁም፤ ድንኳኑ ግን አባዶ ድረስ አይመጣም፤ ቀብር የሚቀርም ይቀጣል» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። አባዶ ያለው እድር ደግሞ እንደ ማንኛውም እድር አዲስ ገቢን የሚቀበለው መመዝገቢያ አስከፍሎ ሲሆን፣ በ60 ዓመት ዕድሜ እንደ አዲስ ሰው ለቅሶ እየደረሱ መታወቅ የአንድና የሁለት ዓመት ሥራ አይደለም።

ባለቤቴ ግን በዚህ ሁሉ አልተረታም፤ እርሱን ያሳመነው የመገናኛ ታክሲ ተራ ነው። ማንም ቤት ሊለውጥ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያደርግ እመክራለሁ፦ ቤቱን ለመጎብኘት እሑድ ከሰዓት በኋላ ከመሄድ ይልቅ አካባቢው ያለ ዘመድ ጋ አንድ ሳምንት አድሮ የዘወትር ኑሮውን ከዚያ ሆኖ መሞከር ይበጃል። እኛ አባዶ ባለች የአክስቴ ልጅ ቤት ሰነበትን። ሰኞ ዕለት ባለቤቴ የዓይን ቀጠሮ ስለነበረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወጣን። መገናኛ ደርሰን ሁለተኛውን ታክሲ ለመያዝ ከተሰለፍን በኋላ ሰልፉ እባብ ሆኖ ሁለት ጊዜ ተጠማዘዘ፤ ሆስፒታሉ በር የደረስነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ከአሮጌው ቤታችን በእግሩ ቀስ ብሎ ቢሄድ 20 ደቂቃ የሚፈጅበት መንገድ ነው። የመልሱ ጉዞ ደግሞ ዓይኑ ውስጥ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎለት፣ ፀሐዩን መቋቋም አቅቶት፣ ጋቢውን እስከ ግንባሩ አውርዶ፣ በእኔ ክንድ እየተመራ ነበር። ዳግመኛ መገናኛ ሰልፍ ላይ ስንቆም «እኔ እኮ የምኖረው አባዶ አይደለም፤ መገናኛ ነው» አለ። በማግስቱ ለደላላው ደወልን።

በደላላው አፍ የባልደራሱ ቤት 68 ካሬ ሜትር ነበር። እኔ የልብስ ሰፊ ሳይሆን የአናጢ ሜትር ይዤ ሄድሁና ከግድግዳ ግድግዳ ስለካው 54 ሆነ። ደላላው ሳያፍር «እርሱ ኔት ነው፤ እኔ የነገርኩሽ ግሮሱን ነው» አለኝ፤ ማለትም ከደረጃውና ከኮሪደሩ የሚደርሰን ድርሻ ተደምሮ ነው። ደረጃ ላይ አልጋ አይዘረጋምና ዋጋውን የተነጋገርነው በ54ቱ ላይ ሆነ። የአልጋችንን፣ የሶፋውንና የቡፌውን ልክ በካርቶን ቆርጬ ወለሉ ላይ ስለዘረጋሁ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር ገና ሳንፈራረም አወቅሁ። የወረቀቱን ጉዳይ በአጭሩ ላልፈው እወዳለሁ፤ ቤቱ በዕጣ የደረሰ ከሆነ መሸጥ የማይፈቀድበት አምስት ዓመት ማለፉን፣ የባንክ ዕዳው ተከፍሎ ማለቁን ማረጋገጥ፣ ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት መፈራረም፣ ለስም ማዛወሪያው የሚከፈለውን፣ እኛ ስንገዛ 2 በመቶ የነበረውን የቴምብር ቀረጥ ደግሞ አስቀድሞ ከበጀት መቀነስ ያስፈልጋል። እኛ ይህን የመጨረሻውን ስለዘነጋን የቀለም ገንዘባችን እዚያ ላይ አለቀ።

ትልቁ ስሕተታችን ግን ከዚህ የከፋ ነው። የገዛነው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዋጋው ቀለል ያለ ስለነበር፣ ከሰገነቱም የእንጦጦ ተራራ ወለል ብሎ ስለሚታይ ደስ ብሎን ገባን። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ ደረጃው 72 ነው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ኃይሉ እስከ ሁለተኛ ፎቅ እንጂ እስከ እኛ ስለማይደርስ ለሰፈር ልጆች በጀሪካን እየከፈልን እናስወጣ ጀመር። የባለቤቴ ጉልበት ደግሞ መውጣቱን ችሎ መውረዱን እምቢ አለው። በመጀመሪያው ወር በቀን ሁለት ጊዜ ይወርድ የነበረ ሰው በስድስተኛው ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ፤ እድር ስብሰባ ቀርቶበት ቅጣት ሲመጣብን «ሰፈራችሁ ተቀምጣችሁ ምን አስቀራችሁ?» ተባልን። ለዚያ ሁሉ ክርክር ምክንያት የሆነውን ቀበናን ከመስኮት የምናየው ሥዕል አደረግነው ማለት ነው። ርቀትን ከግቢው በር እስከ ሆስፒታሉ በር ስለካ ከአልጋው እስከ ግቢው በር ያለውን ረስቼዋለሁ። በስምንተኛው ወር አንደኛ ፎቅ ላይ ከሚኖሩ፣ ሰፋ ያለ ዕይታና ዝቅ ያለ ጫጫታ ከሚፈልጉ ወጣት ባልና ሚስት ጋር ልዩነቱን ከፍለን ቤት ተለዋወጥን፤ ለውልና ለስም ማዛወሪያ የከፈልነውን ሁሉ እንደገና ከፈልን። ያን ገንዘብ መጀመሪያውኑ ለአንደኛ ፎቅ ብንጨምረው ኖሮ ከወጪም ከድካምም እንተርፍ ነበር።

ዕቃን በተመለከተ ብዙ አላወራም፤ ስለ ቡፌው ግን ሳልናገር አላልፍም። ሁለት ሜትር ከ20 ርዝመት ያለው፣ በመስታወቱ ውስጥ የሠርጌ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ቡፌ በካርቶን ልኬቱ መሠረት ሳሎኑ ውስጥ ይገባ ነበር፤ የደረጃውን መታጠፊያ ግን ማን ለካው? አራት ወዛደሮች ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አቁመውት ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ ሲል አናጢ ተጠርቶ እዚያው ደረጃ ላይ ለሁለት ተገመሰ። ግማሹ አሁን የእኛን ቴሌቪዥን ይሸከማል፤ ግማሹን የባለቤቴ እኅት «ከድርሻዬ ላይ ያልተቆጠረ» ብላ እየሳቀች ወሰደችው።

በእርግጥ ያጣነው ነገር አለ። ዳማከሴዬ በባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ከሰገነቱ ጥግ ቆሟል፤ ይኖራል እንጂ አይፋፋም። የበርበሬ ወራት ሲደርስ በጣም ጨንቆኝ ነበር፤ ሁለት ፈረሱላ በርበሬ የት ይሰጣል? የጋራ መገልገያው ግቢ ለልብስና ለልጆች ኳስ እንኳ አይበቃም። የአሮጌው ሰፈር ጎረቤቴ ግን «ግቢዬ ምን ሆነ? አምጪው» ብላ በርበሬዬ እርሷ ግቢ ተሰጣ፣ እዚያው ተቀነጠሰ፣ እዚያው ተደለዘ፤ እኔም ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ዋልሁ። አባዶ ብንሄድ ኖሮ ሦስተኛው መኝታ ቤት ውስጥ አሰጣው ነበር ይሆን?

ልጄም በ2016ቱ ጥምቀት ከነቤተሰቧ አራት ሆነው መጡ። ባልና ሚስቱ ሁለተኛው መኝታ ቤት፣ ልጆቹ ሳሎን ፍራሽ ተነጥፎላቸው አደሩ። አምስተኛው ሌሊት ላይ አማቼ ወገቡን ስላመመው ከዋናው መንገድ ማዶ ካለ አነስተኛ እንግዳ ማረፊያ አንድ ክፍል ተከራየንለት፤ ለዘጠኝ ሌሊት የከፈልነው ለሦስተኛ መኝታ ቤት ልንከፍል ከነበረው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የጥምቀት ዕለት ልጆቹ ጃንሜዳ በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ተመለሱ፤ ትንሹ ደክሞት አያቱ ጭን ላይ ተኛ።

ይህን ስል ሁሉም ሰው ቅርቡን ይምረጥ ማለቴ አይደለም። የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናት የሚያስታምም ወይም ያላገቡ ልጆች ቤቱ ውስጥ ያሉበት ሰው 54 ካሬ ውስጥ ቢገባ ፀብ ነው የሚገዛው። ሰፈርም ቢሆን እንደ ካርታ ተቆልፎበት የሚቀመጥ ንብረት አይደለም፤ ካዛንቺስ ትኖር የነበረች የሥራ ባልደረባዬ እንደ እኔው «ከሰፈሬ አልርቅም» ብላ ጠባብ ቤት ውስጥ ከቆየች በኋላ በ2017 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ጎረቤቶቿም እድርተኞቿም በየአቅጣጫው ተበትነዋል። እኔ ከመግዛቴ በፊት ክፍለ ከተማ ሄጄ ስለ አካባቢው ፕላን ጠይቄያለሁ፤ የጎረቤቶቼን ፕላን ግን አልጠየቅሁም።

ባለፈው ሳምንት በርበሬ ለማስጣት ቀን ልቀጥር ወደዚያችው ጎረቤቴ ሄድሁ። ቡናውን ቀድታ ከሰጠችኝ በኋላ ልጆቿ «ብቻሽን ይህን ሁሉ ግቢ ምን ታደርጊዋለሽ፤ ሽጪና ሰሚት ቤት እንግዛልሽ» እያሉ እንደጨቀጨቋት ነገረችኝ። እስኪ እንነጋገርበት ብዬ ደብተሬን እንደማውሳት ቃል ገባሁላት። በሩ ድረስ ሸኝታኝ ስትመለስ ጠራችኝና «ስሚ፣ ባልደራስ አንደኛ ፎቅ ላይ የሚሸጥ አለ ይላሉ፤ ቅዳሜ ያቺን ሜትርሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ።