ጠረጴዛ ነው ወይስ ምርመራ?

ዛሬ ጠረጴዛ ላሠራ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ወዳለ እንጨት ቤት ገባሁ። ጋሼ ሰጋቱራውን ከጢማቸው እያራገፉ ሁለት ጣውላ አወጡልኝ።

አንዱ ጥድ ነው። ጠቁሯል፣ የሚስማር ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። «ከፈረሰ ቤት የወጣ ነው» አሉኝ። ሌላው ዝግባ። ወርዱ ለጉድ ነው፤ ስነካው ገና አልደረቀም። ከየት መጣ ብላቸው «አንቺ ደግሞ! ጠረጴዛ ነው ወይስ ምርመራ?» ብለው ሳቁ። እኔን አላሳቀኝም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዝግባን፣ ጥድን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ያኔም አሳስቧቸው ነበር ማለት ነው።

ችግኝ እንተክላለን አይደል? ጥሩ ነው፣ እኔም ተክያለሁ። ግን በደኖቻችን የሚኖር አንድ ትልቅ ምንቃር ያለው ወፍ አለ። ሴቷ ውስጡ የተቦረቦረ አሮጌ ዛፍ ትመርጥና ገብታ በሩን በጭቃ ትመርገዋለች። ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ታስቀራለች። እንቁላል ታቅፋ እዚያው ስትከርም ባሏ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል። (የኔው ሰውዬ፣ ይህን አንብብልኝ።) የዘንድሮ ችግኝ ለእሷ ምኗ ነው? ተቦርቡሮ ቤት እስኪሆናት የልጅ ልጆቼም አይደርሱበት ይሆናል።

የፈረሰውን ቤት ጥድ አዘዝኩ። ጋሼ ሚስማር መንቀያ ብለው ጭማሪ ጠየቁኝ። ማክሰኞ ይደርሳል ብለዋል። የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።