183 ሌሊት

ዛሬ ምንም አላሰኘኝም። እትዬ አ. ደውለው፣ «እናቴን ላስታምም አዲስ አበባ ሰባት ወር ብቀመጥ ቤቴን ይነጥቁኝ ይሆን?» ካሉኝ ወዲህ ሐሳቤ ሌላ ሥራ እንቢ ብሎኛል።

እንደ እሳቸው ያለ ኪራዩ በሕግ የተገደበ ቤት ኒው ዮርክ ውስጥ አንዴ ከእጅ ከወጣ አይገኝም፤ አከራዩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ውሉን ላለማደስ ካሉት ጥቂት መንገዶች አንዱ «ዋና መኖሪያቸው እዚህ አይደለም» ማለት ነው። ይህን ማስታወቂያ ውሉ ሊያልቅ ከ150 እስከ 90 ቀን ሲቀረው ማድረስ አለበት። ጠበቆቹ የጎለብ ኖቲስ ይሉታል። «አይኖሩም» ብሎ መጻፍ ብቻም አይበቃውም፤ ዝርዝር ፍሬ ነገር ማስቀመጥ አለበት። የማስረዳት ሸክሙም የእሱ ነው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው በዓመት ከ183 ቀን በታች ቤቱ መኖርን ነው። እሱ ግን አንዱ መመዘኛ እንጂ ብቻውን አይፈርድም፤ ደግሞም የሚቆጠረው በመጨረሻው የፈረንጅ ዓመት ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፋሲካ የሚቆይ ሰው መቅረቱ በሁለት ዓመት ይከፈልለታል፤ በቀረው ጊዜ ቤቱ ካለ በሁለቱም ከግማሽ በላይ ኖሯል። በጥርና በነሐሴ መካከል ከሆነ ግን ሰባቱም ወር አንድ ዓመት ላይ ያርፋል። እናትን ማስታመም ሕጉ ከሚቀበላቸው የመቅረት ምክንያቶች መካከል በስም ባይጠቀስም «ሌላ በቂ ምክንያት» የሚለው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የሐኪም ወረቀቱ ይቀመጥ።

ሌላው የወረቀት ጉዳይ ነው፦ ግብር የተከፈለበት አድራሻ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ምዝገባ፣ የመራጭነት ምዝገባ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የመብራት ቢልና የባንክ ካርድም ይመጣል፤ ወተቱ የት ሰፈር እንደተገዛ ሳይቀር። በእሳቸው እግር የእህታቸው ልጅ ኪራይ እየከፈለ ከገባማ፣ ያለ አከራዩ ፈቃድ ማከራየት የሚል ሁለተኛ ክስ ይጨመራል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን አዲስ አበባ አይደለም። እትዬ በሥራቸው የሚያስታምሟቸው ሽማግሌ ማንሃተን ናቸው፤ በሳምንት አምስት ሌሊት የሚያድሩት እዚያ ነው። በብሮንክስ ቤታቸው ቆጣሪው ፍሪጁን ብቻ ይቆጥራል። ለሥራ ሲባል ለጊዜው ሌላ ቦታ ማደርን ሕጉ ይቀበላል። ስንት ዓመት ሲሞላው ነው ግን «ለጊዜው» መሆኑ የሚያበቃው?

«ቆይ ልደውልልዎ» ብዬ ዘግቼባቸዋለሁ። ጠበቃ ያናግሩ ብል ይሻላል፤ አዋቂ ነኝ ባይ!