ሆስፒታል ሆስፒታል የሚለው ጠላዬ

እሑድ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

የፋሲካ ጠላዬ አዋረደኝ። ዶሮው ከተበላ በኋላ ቆርኪውን በኩራት ከፍቼ ቀዳሁ። ጎረቤታችን ጋሼ አንዴ ተጎነጩና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። "ልጄ፣ መልኩስ ያምራል። ግን ሆስፒታል ሆስፒታል አይልም?" ሌሎቹ ይሉኝታ ይዟቸው ምንም አላሉም፤ የማንም ብርጭቆ ግን አልጎደለም።

እኔም ቀመስኩት። እውነታቸውን ነው። አልኮመጠጠም። ኮምጣጤ ቢሆንማ አየር ገብቶበታል ብዬ አርፍ ነበር። ይሄ የቁስል ፕላስተር ከወረቀቱ ሲላጥ የሚሸተው ዓይነት ነው፤ ከዋጡት በኋላ ምላስ ሥር ይቀራል።

ያናደደኝ፣ ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ አጣርቼ ወደ ጠርሙስ ስገለብጥ አንድ ኩባያ ሙሉ ጠጥቼ ነበር። ጌሾው ቆንጠጥ ያደርጋል፣ የወይራው ጭስ ከኋላ ይመጣል። ምንም አልነበረበትም።

እማዬ ጋ ደወልኩ። "ጭሱን አብዝተሽዋል" አለችኝ ገና ሳልጨርስ። "ደግሞ ድስት ያጥናሉ? ሸክላ ነው ጭስ የሚጠጣው፤ ብረት ጥላሸቱን ነው የሚይዘው።" በረንዳ ላይ ትልቁን ድስት ወይራ ላይ ደፍቼ ማጠኔን የነገርኳት ራሴ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

እኔ ግን የጠረጠርኩት ውኃውን ነው። እዚህ አካባቢ የቧንቧ ውኃ አብዛኛውን ዓመት ክሎራሚን በሚባል የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ ይታከማል፤ ጸደይ ሲገባ ግን መስመሮቹን ለማጽዳት ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይዞራሉ። ያ ደግሞ ልክ ለፋሲካ ጠላ በሚጠነሰስበት ሰሞን ነው። የእንቁጣጣሽ ጠላዬ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሁሉም ነገር ስለገጠመልኝ ራሴን ነጻ አውጥቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ግን ያቺ የቅዳሜዋ ኩባያ ትዝ አለችኝ። ውኃው ቢሆን ኖሮ እሷም ትሸተኝ ነበር።

ሐሙስ ማታ ክዳኑ በሽቦ ከሚቆለፈው ጠርሙስ አንዱን ከፈትኩ። ንጹሕ! ሌላውንም ከፈትኩ፤ ንጹሕ። ከአንድ ድስት የወጣ ጠላ።

የሞላሁት 22 ጠርሙስ ነበር፤ 16ቱ ባለቆርኪ የቢራ ጠርሙሶች፣ 6ቱ ባለሽቦ። ባለቆርኪዎቹን ማታ በረኪና ዘፍዝፌባቸው፣ ወገቤን ስላመመኝ አንድ ጊዜ ብቻ አለቅልቄ ደፋኋቸው። ባለሽቦዎቹ ላይ ስደርስ በረኪናው አለቀብኝና በፈላ ውኃ አጠብኳቸው። እጅ እጅ እያለኝ ያጠብኳቸው ስድስቱ ናቸው የተረፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጭሱም፣ በገብሱ ገለባም፣ ፌኖል የሚባሉ ነገሮች አሉ። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ሲያገኛቸው ክሎሮፌኖል ይሆናሉ። ይሄ ነገር ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ምላስ ይለየዋል። ጠርሙሱ ታች የቀረች ጠብታ በረኪና ትበቃለች ማለት ነው። እማዬም ጨርሳ አልተሳሳተችም፤ ወይራው ባይበዛ ክሎሪኑ የሚይዘው ያንስ ነበር። ይህን ግን በስልክ አልነገርኳትም።

ከእንግዲህ ለጠርሙስ ቢራ ጠማቂዎቹ ስታር ሳን የሚሉትን አሲድ ማጽጃ ነው የምጠቀመው፤ በልኩ ከተበጠበጠ ማለቅለቅም አይፈልግም። ለውኃውም ቢሆን የካምፕደን እንክብል ገዝቻለሁ። አንዷ ፍሬ 75 ሊትር ያህል ውኃ ውስጥ ያለውን ክሎሪንም ክሎራሚንም ታጠፋለች። ውኃው ነጻ ቢወጣም አላመንኩትም።

የተበላሸው ቢቀመጥ ይለቅ ይሆን ብዬ ነበር። አይለቅም። የቀሩትን 11 ባለቆርኪዎች ትናንት አንድ በአንድ ማጠቢያው ውስጥ ደፋኋቸው። አረፋቸው እንዴት ያምር ነበር! የስንት ቀን ብቅል፣ የስንት ቀን ድፍድፍ። ወጥ ቤቱ ክሊኒክ መሰለ፤ መስኮት ከፈትኩ።

ዛሬ ዳግም ትንሣኤ ስለሆነ ሁለት ባለሽቦ ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አፍንጫቸውን ብርጭቆው ውስጥ አስገብተው ቆዩ። ከዚያ ነው የጠጡት።