ከሶፋ የማይነሳ ድራማ

ሶፋ ሠሪ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው፣ ድራማ ላይ ያለኝ አስተያየት ከየት እንደሚመጣ እንድታውቁልኝ ነው። ሌላው ሰው ተዋናዩን ያያል፤ እኔ የተቀመጠበትን። ጀግናዋ ስታለቅስ የእኔ ዓይን ስፖንጁ ምን ያህል እንደሰጠመ ላይ ነው። ባለቤቴ «አንተ ካለህበት ድራማ አላይም» ብላ ስልኳን ይዛ መኝታ ቤት መግባት ከጀመረች ቆየች።

የብዙው ድራማችን ነገር እንዲህ ነው። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ይገባል፣ የመኪና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ይወረውራል፣ ዘፍ ብሎ ይቀመጣል። «ምን ሆነሃል?» ትለዋለች። «ምንም።» ሙዚቃ። ስልኩ ይጠራል፣ በረንዳ ወጥቶ ያንሾካሹካል፣ ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል። ማስታወቂያ። ሃያ ክፍል አይተን ሰውዬው በምን እንደሚተዳደር አናውቅም። «ድርጅቱ» ይባላል እንጂ ድርጅቱ ሲሚንቶ ይሽጥ ሰሊጥ፣ እግዜር ይወቀው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን አይጠፋኝም። አንድ ሳሎን ውስጥ ብዙ ትዕይንት በአንድ ቀን ይቀረጻል። ውጭ ከተወጣ ፈቃድ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ቆሞ የሚያይ ሰፈርተኛ አለ፣ ዝናብ አለ። ይህን ያወቅሁት ቀራጮች ሱቄ መጥተው ስለነበር ነው። «ጋሼ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብለው አንድ ኤል ሼፕ፣ ማዕዘን ይዞ የሚታጠፍ ሶፋ፣ ተከራዩኝ። ሁለቱ ሳምንት አራት ወር ሆነ። እኔም ንብረቴን ለመጠበቅ ስል ድራማውን አንድ ክፍል ሳላሳልፍ ተከታተልኩ። መጀመሪያ ሀብታሞቹ ቤት አየሁት፤ ደስ አለኝ። ከሳምንታት በኋላ ድሆቹ ቤት ብቅ አለ! አቡጀዲ አልብሰውታል፤ ግን ክንዱን እኔ ነኝ የጠረብኩት፣ አይሸወደኝም። የሀብታሙ ልጅ ድሃዋን ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ራሱ ቤት ሲቀመጥበት የኖረው ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቴ ያንን ሌሊት በሳቅ አልተኛችም።

««ሰው ለሰው» ድራማ ላይስ አስናቀ ሶፋ ላይ አልነበረም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነበር። ግን አስናቀን የተጫወተው አበበ ባልቻ ሲቀመጥ መቀመጡ ራሱ ሥራ ነው፤ ዝም ብሎ እግሩን ሲያነባብር አንድ ሰው ሊጠፋ እንደሆነ ይገባሃል። አስናቀን አይተው ተንኮለኛ ሁሉ ቀስ ብሎ መናገር አለበት ብለው የተማሩት ናቸው ያስቸገሩን።

ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ እያሰማ በ2008 ሲከፈት ብዙ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቆጡ። እኔ ምን ልበል፣ ገበያዬ ነበር። ደንበኛው «ጥቁር ፍቅር» የሚባለውን የቱርክ ድራማ ሳሎን በስልኩ አንስቶ ይመጣና «ልክ እንዲህ» ይለኛል። ክፍሉ ሦስት በአራት ነው፤ የቦስፎረስ ቪላ እዚያ ውስጥ አግባልኝ ነው የሚለው። ሰዉ የቀናው በቪላው ነው። እኔን ያስቀናኝ ግን ኦማር ፖሊስ መሆኑን፣ ኤሊፍ ጌጣጌጥ ነዳፊ መሆኗን አንድም ቀን አለመርሳታቸው ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጠነሰሰው ከአልማዝና ከሬሳ ነው፤ ፍቅሩም የሚመጣው ሰዎቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ነው።

የእኛዎቹ ኮሜዲዎች ይህን ከድራማዎቹ ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» ድራማ ሳሎን ውስጥ ነው፣ አዎ፤ ግን ማንን ብለን ነበር የምንከፍተው? ሠራተኞቹን ትርፌንና እከን። በቤቱ ውስጥ ሥራ ያለባቸው እነሱ ናቸዋ። በኃይሉ ዋሴ የጻፈው፣ ፋና ላይ ይታይ የነበረው «ምን ልታዘዝ» ደግሞ ከስሙ ጀምሮ ቆሞ የሚሠራ ሰው ንግግር ነው። ካፌ ብሎ ጀምሮ ሀገሩን አስቀመጠበት፤ አስተናጋጁ ትሪ ይዞ ሲያልፍ ጣል የሚያደርጋትን አንዲት ቃል በማግስቱ ሱቃችን ውስጥ እንደግማት ነበር። አቦል ቴሌቪዥን ያመጣው «አስኳላ» ኮሜዲም ሰዉን ትምህርት ቤት አስገብቶ ከሳሎን ገላገለን። ሁሉም ቀልድ አይጥመኝም፤ ቢሆንም አመሰግናለሁ።

ለእኔ ከሁሉም «እረኛዬ» የሚባለው ድራማ ይበልጥብኛል። ቅድስት ይልማ፣ አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት፣ አርትስ ቴሌቪዥን ላይ የወጣው። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት የሆነ ነገር ቅር አለኝና ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ለካ ሶፋ የለም። ገጠር ነው። ሰዉ መሬት አለው፣ ከብት አለው፣ የሚያጣው ነገር አለው፤ ስለዚህ ጠቡ ጠብ ነው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ይበዛብኛል፤ ሁሉም ሰው በምሳሌ ብቻ ሲናገር ውሃ አምጪልኝ የሚል አንድ ተራ ሰው ይናፍቀኛል። ግን ተዋናይቷ ድርብወርቅ ሰይፉ አፏን ስትከፍት አማቴ ቡናውን ትታ ነው የምታዳምጠው። አማቴ ቡና ስታቆም አይቼ አላውቅም።

ያ ኤል ሼፕ በመጨረሻ የቡና እድፍ ይዞ ተመለሰ። ማን ይገዛዋል? ቤቴ አስገባሁት። ባለፈው እሑድ ያ የተከራየኝ ድራማ ዩቲዩብ ላይ በድጋሚ ሲታይ አማቴ ዓይኗን አጥብባ ቴሌቪዥኑን አየች፣ የተቀመጠችበትን ክንድ ዳሰሰች፣ እንደገና ቴሌቪዥኑን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምነው እማማ?» አልኳት።

«የሰው ቤት መስሎኝ» አለችኝ።