ፍርሃትን የማይሸሽጉ የሕፃናት መጻሕፍት

ከዘመድ ርቆ በስደት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ብዙውን ነገር ብቻውን ይማራል። እኔ ከተማርኳቸው ሁሉ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ሕፃን ልጅ ሲፈራ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ልጄ ቋንቋውን ወደማታውቀው የሕፃናት መዋያ መሄድ በጀመረችበት ሰሞን ማታ መብራት ሲጠፋ ታለቅሳለች፤ ጠዋት ደግሞ በሩ ላይ ቀሚሴን ጨብጣ አልለቅሽም ትለኛለች። የሁለቱ ፍርሃቶች ምንጭ አንድ መሆኑን ያስተዋልኩት ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስን ባነበብናቸው የሥዕል መጻሕፍት ነው።

መጀመሪያ ልቧን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው የማርቲን ዋዴል «የጉጉት ጫጩቶች» ነበር። ሦስት ጫጩቶች ሌሊት ሲነቁ እናታቸውን ያጧታል፤ ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻም ትመጣለች። ሁለቱ ትልልቆች የት እንደሄደች እየገመቱ ሲጽናኑ፣ ትንሹ ግን እናቱን እንደሚፈልግ ከመናገር በቀር ሌላ ቃል የለውም። ፓትሪክ ቤንሰን ገጾቹን በሌሊት ጨለማ ሞልቶ የጫጩቶቹን ነጭ ላባ ብቻ እንዲያበራ አድርጎ ሥሏቸዋል። ልጄ ትንሹን ጫጩት በጣቷ እየዳሰሰች ተራው እስኪደርስ ትጠብቅና፣ ሲደርስ ከእኔ ቀድማ በአማርኛ ትናገርለታለች። እናትየው እንደምትመለስ ጠንቅቃ እያወቀች ገጹን ቶሎ እንድገልጥ አትፈቅድልኝም ነበር፤ የምትፈልገው መጠበቁ ያለበት ገጽ ላይ መቆየትን ነው። ሕፃናት ከስምንት ወር ገደማ ጀምሮ መለየትን የሚፈሩት እናታቸው ከዓይናቸው ብትሰወርም እንዳለች ማወቅ ስለሚጀምሩ ነው፤ መመለሷን ግን ገና እርግጠኛ አይሆኑም። የጨለማ ፍርሃት የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ምናባቸው ሲሰፋ ነው። ይህ መጽሐፍ ሁለቱን በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ይኸው ደራሲ በ1988 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ትንሹ ድብ ጨለማውን ፈርቶ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ትልቁ ድብ የቱን ጨለማ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሲያሳየው ግን ዞር ብሎ ያይና የዋሻው ያ ክፍል በእርግጥም በጣም ጨለማ መሆኑን ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የሚያነበውን መጽሐፍ እየተወ፣ በየጊዜው ከፊተኛው የሚበልጥ ፋኖስ ያመጣለታል፤ በመጨረሻም ወደ ውጭ ይዞት ወጥቶ ጨረቃንና ከዋክብትን ያሳየዋል። እኛ ወላጆች በፍቅር ሆነን ምንም የለም ብለን የምናልፈውን፣ ይህ ድብ አይቶ ያምናል። የመጽሐፉ ደግነት ያለው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሞሪስ ሴንዳክ «አውሬዎቹ ያሉበት» ደግሞ ከወላጅም ድፍረት ይጠይቃል። በ1963 ሲወጣ ልጆችን ያስፈራል ያሉ ነበሩ፤ በዓመቱ ግን በአሜሪካ ለሥዕል መጻሕፍት የሚሰጠውን የካልዴኮትን ሜዳልያ አገኘ። ሴንዳክ ከፖላንድ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ አይሁዳውያን ልጅ ነው፤ አውሬዎቹንም የሣለው በልጅነቱ ቤታቸው ይመጡ የነበሩትን ዘመዶች እያሰበ እንደሆነ ተናግሯል። የስደተኛ ልጅ የፈራቸውን ትልልቅ ሰዎች ወስዶ ለዓለም ሕፃናት ሁሉ መጫወቻ ማድረጉ እኔን በጣም ይነካኛል። ሥዕሎቹ በሰፊ ነጭ ኅዳግ ተከበው ትንሽ ሆነው ይጀምራሉ፤ አጥፍቶ ያለ እራት ወደ መኝታው የተላከው የታሪኩ ልጅ ማክስ ወደ አውሬዎቹ በቀረበ ቁጥር እየሰፉ ሄደው ሦስት ጥንድ ገጾችን ያለ አንዲት ቃል ይሞላሉ። እነዚያ ገጾች የማንም ቋንቋ ስለሌለባቸው እኔና ልጄ እየተቀባበልን የምንተርካቸው በራሳችን አማርኛ ነው። ከዚያ ሥዕሉ እንደገና ይጠብባል፤ የመጨረሻው ገጽ ሥዕል የለውም፤ ያለው ማክስ ሲመለስ ያገኘው እራት እንዳልቀዘቀዘ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው።

ስለ ማጽናኛ ሲነሣ እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት በ1953 ያሳተመው ጽሑፍ ትዝ ይለኛል። ልጅ የሙጥኝ የምትላት ጨርቅ ወይም አሻንጉሊት በእናቷና በውጭው ዓለም መካከል ያለውን ስፍራ እንደምትይዝ ያስረዳል፤ እናቶች ያችን ጨርቅ ቆሽሻም ሸትታም ሳያጥቧት የሚተዉት ማጠቡ ለልጅ የነገሩን ቀጣይነት ስለሚያቋርጥባት ነው ይላል። የልጄ ጨርቅ የእኔ አሮጌ የአንገት ልብስ ነበር። ጠርዙ ተተልትሎ፣ አንዱ ጥግ በአፏ ታኝኮ ደርቆ ነበር፤ መዋያው ይዛው እንድትገባ ሲፈቅድላት ጠዋት በሩ ላይ የምናሳልፈው ጊዜ እያጠረ መጣ።

አሁን መጽሐፍ ስመርጥ የማየው የሚፈራው ልጅ በቂ ገጽ ተሰጥቶት እንደሆነ ነው። የሥዕል መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ናቸው፤ ፍርሃቱ ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በምክር ከተሸነፈ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው እመልሰዋለሁ፤ ልጄም ብትሆን እንዲህ ያለውን ሁለተኛ አንብቢልኝ ብላ አታውቅም።