ታንኳዎቹን «አንሳ» ብለው አጠፋቸው

ባሕር ዳር ሽምብጥ ቤቴ ተቀምጬ ስለ ጣና ሐይቅ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ተጫዋቹ ደንገል አጭዶ ታንኳ ያስራል፤ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ከተማ ይቀዝፋል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ በየጊዜው ከሐይቁ ወጥቶ ዳር ላይ ቆሞ መድረቅ አለበት። ጨዋታዬ የቆመው በዚህ ሕግ ላይ ነው።

ብቻዬን ስለምሠራ፣ ጎዶት በሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ትዕይንት የማደራጀቱን ድካም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ሰጠሁት። ወኪሉ የሚሠራው እኔ ባዘጋጀሁለት መሣሪያዎች፣ ማለትም በስማቸው በሚጠራቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ነው። ከእያንዳንዱ መሣሪያ የሚያየው ስሙን፣ መግለጫውንና የሚቀበላቸውን ግብአቶች ብቻ ነው፤ ከጀርባ ያለውን ኮድ አያይም። ይህን በቃል አውቀው ነበር። በተግባር የገባኝ ግን ታንኳዎቼ ሲጠፉ ነው።

ድንጋይና እምቦጭ ከትዕይንቱ ለማስወገድ አንድ መሣሪያ ሠርቼ ስሙን በላቲን ፊደል «አንሳ» ብዬዋለሁ። መግለጫው «ዕቃ ከትዕይንቱ ያነሳል» የሚል ነበር። ታንኳ የሚያደርቀው ሌላ መሣሪያ ነው። አንድ ማታ ወኪሉን «ዘጌ ዳር ያሉትን የረጠቡ ታንኳዎች ከውኃው አንሳቸው» አልኩት። አሥራ አንዱንም ሰረዛቸው። ተናደድኩ፤ ወኪሉ የሚሠራበትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ቀየርኩ። አዲሱም ያንኑ አደረገ።

ያን ጊዜ ነው መግለጫዬን እንደ እንግዳ ያነበብኩት። በቋንቋችን ማዕድ ይነሳል፣ ሕፃን ይነሳል፣ ጉዳይ ይነሳል፣ ፎቶ ይነሳል። እኔ አንዱን አስቤ ጻፍኩ፤ ወኪሉ የትኛውን እንዳሰብኩ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። መሣሪያውን «ሰርዝ» ብዬ መግለጫውን እንዲህ ለወጥኩት፦ «ዕቃን ከትዕይንቱ ለዘለቄታው ያጠፋል፤ መመለስ አይቻልም። ታንኳን ከውኃ ለማውጣት ይህን አትጠቀም፤ ለዚያ «ዳር_አቁም» አለ።» ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ «አትጠቀም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት መሣሪያዎች በሚቀራረቡበት ቦታ ሁሉ አሁን ድንበራቸውን በሁለቱም መግለጫዎች ላይ እጽፋለሁ።

ቀጥሎ ቁጥሮች አስቸገሩኝ። ዕቃ በሚያዞረው መሣሪያ መግለጫ ላይ «ዙር፦ ቁጥር» ብዬ ብቻ ጽፌ ነበር። ወኪሉ ታንኳን ሩብ ዙር ለማዞር 90 ላከ። የጎዶት መስኮት ማዕዘንን በዲግሪ ያሳያል፤ ኮዱ ግን የሚቀበለው ራዲያን በሚባል ሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው። 90 ራዲያን 14 ሙሉ ዙርና ወደ 117 ዲግሪ የሚጠጋ ትርፍ ስለሆነ የታንኳው አፍንጫ ደንገሉ ውስጥ ተቀረቀረ። አሁን መግለጫው «በዲግሪ» ይላል፤ ወደ ራዲያን የሚቀይረው የእኔ ኮድ ነው።

ፀሐይን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ ነበር። «ጠዋት 3 ሰዓት አድርገው» ስለው 3 ብሎ ላከና ሐይቁ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ኮዱ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ረጅም ማብራሪያ ከመጻፍ ሦስት ምሳሌ ማስቀመጥ በቃ፦ ጠዋት 3 ሰዓት 9 ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት 14 ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20 ነው።

የስህተት መልእክትም የመግለጫው አካል መሆኑን ዘግይቼ ነው ያየሁት። መሣሪያው «አልተሳካም» ብቻ ሲመልስ ወኪሉ ያንኑ ጥሪ ደጋግሞ ይልክ ነበር። «በዚህ ስም የሚጠራ ታንኳ የለም፤ ስሞቹን በ«ዘርዝር» ተመልከት» ብሎ ሲመልስለት ግን ራሱን ያርማል።

አሁን አዲስ መግለጫ ስጽፍ መጀመሪያ የማስነብበው ኮድ ለማታውቀው ታናሽ እህቴ ነው። ወረቀት ላይ አትሜ እሰጣታለሁ፤ አፌን ከፍቼ አላብራራም። ባለፈው እሑድ የ«ዳር_አቁም»ን ሰጠኋት። «ታንኳን ከውኃ አውጥቶ ያቆማል፤ ለመድረቅ 3 ይፈጅበታል» ይላል። አንብባ ቀና አለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ሦስት ምን?»

ወረቀቱን ተቀብዬ «3 የጨዋታ ሰዓት፤ አንድ የጨዋታ ሰዓት 60 ሰከንድ ነው» ብዬ ጻፍኩበትና መለስኩላት።